ስለት ተሸካሚው ጋሼ ፍሰሐ

አጎቴ ባላምባራስ ወልደአማኑኤል «መመዘን ያውቃል» ይባልለት ነበር። በቅሎ ሲገዛ አይቼዋለሁ። ከንፈሯን ገልብጦ ጥርሷን ያያል፣ ኮቴዋን አንሥቶ ያንኳኳል፣ ሽቅብም ቁልቁልም ያስጋልባታል፣ የቀድሞ ጌታዋን ፈልጎ «ለምን ሸጥካት?» ብሎ ይጠይቃል። ዓይነ ስውር ወንድሙን ቀን ቀን የሚጠብቅ ሰው ሲቀጥር ግን ይህ ሁሉ ጥበብ ጠፋበት። «የማን ልጅ ነህ?» አለ። መልሱ ጣፈጠው። አለቀ።

ወንድምየው አባቴ ነው።

ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወርዱ ካለው ተዳፋት ላይ፣ ሁለት ክፍል ያላት የጭቃ ቤት ነበረችን። አባቴ ጋሻው ሰሜን ዘምቶ ተመለሰ፤ ዓይኖቹ ግን አልተመለሱም። ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የመርዝ ጭስ ነው» ይላሉ። እኔ የማውቀው ጭስ የማድቤታችንን ነው። እናቴ እርጥብ እንጨት ባነደደች ቁጥር ዓይኔን በሁለት እጄ ጨፍኜ እሮጥ ነበር፤ አባቴም ወጥ እስኪደርስ ምድጃ ዳር ሲጠብቅ የታወረ መስሎኝ። ጭሱን ከሰማይ ያዘነቡበት እነዚያው በመኪና በደጃችን ሲያልፉ ለልጆች ከረሜላ የሚወረውሩት ሰዎች መሆናቸውን የነገረኝ አልነበረም።

እናቴ ወለተሰንበት ጥጥና ፈትል ትነግድ ነበር። ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደ ተክለ ሃይማኖት ማዶ ካወረደው ወዲህ፣ ጎሕ ሲቀድ ወጥታ ጀንበር ስትጠልቅ ነው የምትገባው። አባቴን እኔ እንድጠብቅ ተሞክሮ ነበር። ሰባት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን እጁን ይዤ ወደ ጓሮ ስወስደው ቢራቢሮ አየሁና ለቀቅሁት፤ ቦይ ውስጥ ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ። «በሉ፣ ትልቅ ሰው ይፈለግለት» ተባለ።

ፈላጊው ባላምባራስ ሆነ። እናቴ ስለ እሱ ለጎረቤት ስትናገር «እሳቸውማ ገብተዋል» ስትል እሰማለሁ። የት እንደገባ ይገርመኝ ነበር፤ ሁልጊዜ ውጭ ነው የማየው። ለጣሊያን መግባት ማለት መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ገብቶ የሰፈር ሹም ሆነ። መንገድ ላይ መኮንኖቹን ባገኘ ቁጥር ክንዱን ወደ ፊት ይዘረጋል። እኔ ዝናብ ጀምሮ እንደሆነ የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

ምርመራው አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኛ ቤት ተካሄደ። ባላምባራስ ከጎረቤት በተዋስናት ወንበር ላይ ተሰየመ። ሁለት ሽማግሌዎች ከግራና ከቀኙ መደብ ላይ ተቀመጡ። አባቴ ጥጉን ይዟል። የሚጠበቀው እሱ ነው፤ ግን አንዳቸውም ፊታቸውን ወደ እሱ አላዞሩም።

መጀመሪያ የገባው ነገሪ የሚባል ጎልማሳ ነበር። ባላምባራስ ዘሩን ሲጠይቀው ባጭሩ መለሰና ወደ አባቴ ዞር አለ።

«እሳቸው ምን ይወዳሉ? ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?»

«ጠያቂዎቹ እኛ ነን!» ብሎ ጮኸ ባላምባራስ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ትልቅ ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅ ደስ ይላል። አባቴ ሊመልስ አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ዘጋው። ነገሪ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ቀጥሎ ፍሰሐ መጣ። ገና ሲገባ መቃኑን ተሳለመ። ነጠላውን አደግድጓል። «ተቀመጥ» ቢሉት «በጌቶቼ ፊት? አይገባኝም» እያለ አስለመናቸው። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እንደ ውዳሴ ማርያም አነበነበው። ዳዊት ይደግማል። ረቡዕና ዓርብ ጾሞ አያውቅ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥረው ቢኖር ራሱ ኃጢአተኛ ነው፤ እንዲህ ያለ ፊት ነበረው።

«እስከ ዛሬስ የት ነበርህ?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«አንዲት ታላቅ እመቤት አስታምም ነበር። ዐረፉ» አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

በምን ዐረፉ ያለ የለም። ወደ እመቤቲቱ ቤት ሰው የላከ የለም። ለበቅሎ ሲሆን የቀድሞ ጌታዋ ተፈልጎ ይጠየቃል። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቼ እንኳ ያ «ነፍስ ይማር» ትዝ ሲለኝ ያንገሸግሸኛል። ሦስት ባለ ሪዝ ሰዎች አንድ የሚያለቅስ ሰው አዩና መርምረነዋል ብለው ተነሡ።

እኔ ደግሞ ወደድሁት። ድምፁን ከፍ አያደርግም። «ሠርኬ» ይለኛል፤ ሠርካዲስ ብሎ አስረዝሞ የጠራኝ አንድ ቀን የለም። ከሸንበቆ ዋሽንት ሠራልኝ።

እናቴ አባቴን ለማጠንከር ከራሷ አፍ ነጥላ ነበር የምታበስለው። ማታና እሑድ ሁላችንም ሽሮ እየበላን፣ ለእሱ የቀን ምሳ ወተቱን በጮጮ፣ እንቁላሉን፣ አንዳንዴም የዶሮ ወጡን በድስት ከድና ትወጣለች። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሲደርስ ፍሰሐ አባቴ ፊት ደረቅ እንጀራ በቀጭን ሽሮ አቀረበና ድስቱን ይዞ ወደ ማድቤት ሊወጣ ተነሣ። ልናገር አፌን ስከፍት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

«ሠርኬ፣ ምሥጢር ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«አባትሽ ስለት አለበት። ዓይኑ እንዲበራለት ለልደታ ማርያም ተስሏል። በዓሏ እስኪደርስ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት አይቀምስም። ስለት ደግሞ ከተወራ ይፈርሳል። ለእሱም ቢሆን እንዳታነሺበት፤ ለእናትሽማ ወዮልሽ!»

«ታዲያ እርስዎ ለምን ይበሉታል?»

ፍሰሐ በረጅሙ ተነፈሰ። «ሳይነካ ከተገኘ እናትሽ ታዝናለች። ነገሩም ይታወቃል። አንድ ሰው ሊሸከምለት ይገባል፤ እኔ ተሸከምሁለት።»

ተሸከመለት። ሲበላ ዓይኑን ይጨፍናል፤ የሚጸልይ ይመስለኝ ነበር። አጥንት ሲግጥ ግንባሩን ያልበዋል። ይህን ሁሉ መከራ ለአባቴ ብሎ መቀበሉን ሳይ አንዳንዴ ጠጋ ብዬ «አይዞዎት ጋሼ» እለው ነበር። እሱም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሌላ ይጎርሳል።

ውሃም በስለቱ ውስጥ ነበረች። አባቴ «ፍሰሐ፣ እስቲ ውሃ» ሲል ፍሰሐ አይሰማም። እኔ ጣሳውን ላነሣ ስል ያቺ ጣት ከንፈሩ ላይ ትወጣለች። ዛሬ ምክንያቷን አውቃለሁ፤ የጠጣ ሰው ወደ ጓሮ መውጣት ያምረዋል፣ እሱን ለማውጣት ደግሞ ከተጋደሙበት መነሣት አለ። ምርኩዙንም «ይደናቀፍበታል» ብሎ ከማገሩ ላይ ሰቀለበት። አባቴ፣ ተራራ ለተራራ ሲዋጋ የኖረው ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ መደብ ላይ ይውላል።

ማታ እናቴ ስትገባ ነጠላዋን ሳታወርድ ትጠይቃለች።

«በሉ? ወጡ ተስማማዎት?»

«ጠገብሁ። እጅሽ ይባረክ።»

እኔ ጥግ ሆኜ እኮራለሁ፤ አባቴ ስለቱን እንዴት አድርጎ ይደብቃል! የእውነቱን ነገር የሰማሁት ቆይቼ ነው። አባቴ ንግዷ የከሰረ መስሎት ነበር። ደረቅ እንጀራ የምታስቀርብለት ከዚያ በላይ ቢቸግራት ነው ብሎ፣ እንዳትሸማቀቅ «ጠገብሁ» ይላታል። እሷ ደግሞ ይህን ሁሉ በልቶ የማይወፍረው ሐዘን ቢጎዳው ነው ብላ በነጋታው ታበዛዋለች። በሁለቱ መተሳሰብ መካከል ፍሰሐ ወፈረ።

ሁዳዴ ሲገባ ሁላችንም ሽሮ በላን። ያኔ ፍሰሐ ከሳ። ባላምባራስ አይቶት «ጾም በጨዋ ልጅ ላይ እንዲህ ነው የሚታየው!» አለ። ሽማግሌዎቹም ከንፈራቸውን መጠጡለት።

ፋሲካ ዶሮ ተወድዶብን በሽሮ አለፈ፤ ግንቦት ልደታ ደረሰ። ሰው ተሰብስቦ መታየቱ ለጣሊያን አይጥመውም እየተባለ እንኳ ሴቶቹ ንፍሯቸውን በየደጁ ጣዱ። እኛ ቤት ዶሮ ታረደ፤ ባላምባራስና ሽማግሌዎቹም ተጠሩ። እኔ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጥሁ። ዓይኖቹ ሲበሩ መጀመሪያ የሚያየው እኔን እንዲሆን ፈልጌ ነው። ሽፋሎቹ እርግብ ባሉ ቁጥር ልቤ ትዘላለች።

እናቴ አንዱን ብልት በእንጀራ ጠቀለለችና ወደ አፉ ይዛ «ይጉረሱ» አለች።

ጮኽሁ። «እማዬ ተይ! ዓይኑ ገና አልበራም! ስለቱ ይፈርሳል!»

እጇ አየር ላይ ቀረ። «የምን ስለት?»

«የአባዬ ነዋ! ሥጋ አይበላም፣ ወተት አይጠጣም። ጋሼ ፍሰሐ ነው የሚበላለት።»

ከደጅ የሴቶቹ እልልታ ይሰማል። ቤት ውስጥ ግን የሚያኝክ እንኳ ጠፋ። አባቴ ፊቱን ቀስ አድርጎ ወደ እናቴ አዞረ።

«ሥጋ ነበር እንዴ?» አለ።

እናቴ ጉርሻውን አስቀመጠችና እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበች። ክንዱን በአንድ እጇ ጨበጠችው። ጣቶቿ ዞረው ተገናኙ። ማታ ማታ በጨለማ የሚገባ ሰው ብዙ ነገር አያይም፣ እሑድም ጋቢው ይሸፍነዋል፤ ያን ቀን በጠራራ ፀሐይ አየችው። ያወጣችው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በሩ ሥር ተቀምጦ የነበረው ፍሰሐ ተነሥቶ ወጣ። የሸሸ መስሎኝ ነበር። ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ተመለሰና ደጃፉ ላይ ተደፋ። «በድያለሁ! ስለ ልደታ ማሩኝ!»

ባላምባራስ ተቆጣ። የተቆጣው ግን በእኔ ነው። «ይህችን ልጅ ማን ነው እንዲህ ምላሷን ያሳደገላት?» አለ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «የጨዋ ልጅ ነው፤ ሰይጣን አሳስቶት ነው። የመሰከርሁለት እኔ ነኝ። የሱ ስም ሲነሣ የኔም ስም ይነሣል።»

ጉዳዩ ይኸው ነበር፤ ስም። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ፍሰሐ ከዚህ ቤት ይውጣ፣ ነገሩ ግን እዚሁ ይቀበር፣ ያወጣው እንደ አርዮስ ይሁን ብለው ገዘቱ። አባቴን «ትምረዋለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ድንጋዩ ወረደ፤ እነሱም ወደ ወጡ ተመለሱ። እውነቴን ነው፣ ተመለሱ። ባላምባራስ ፈረሰኛዋን በላ።

እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። የነገሩኝን በማመኔ ንስሐ አልገባሁም፣ አልገባምም። ንስሐው የባለ ሪዞቹ ነው።

ወር ሳይሞላ ከእናቴ ጋር ፈትል ልንቀበል ጌጃ ሰፈር ወረድን። እሷ ፈታይዋ ቤት ስትገባ እኔ ደጅ ቀረሁ። ፍሰሐን አየሁት። ነጭ በነጭ ለብሶ እመት ጠጅቱን ደግፎ ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል። እመት ጠጅቱ የነጋዴው የገብረጊዮርጊስ እናት ናቸው፤ እግራቸው ደክሟል፣ ጆሯቸውም ከበድ ብሏል።

«ሠርኬ!» አለኝ ፈገግ ብሎ። ደስ አለኝ። ቂም እንኳ አልያዘብኝም።

ቤት ስንገባ ለአባቴ ለማብሰር ቸኮልሁ። «አባዬ፣ ጋሼ ፍሰሐ እመት ጠጅቱ ቤት ገብቷል። እሳቸውም ስለት አለባቸው መሰለኝ፤ ክስት ብለዋል።»

አባቴ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ማን አስገባው?»

እናቴ የፈትሉን ዘንቢል አወረደች። «ባላምባራስ ናቸው አሉ። ለልጅየው 'ጨዋ ነው፣ እኔ ልመስክር' አሉት።»

«ምርኩዜን አምጪልኝ።»

«ውግዘቱስ? እንደ አርዮስ ይሁን ተብሏል እኮ!»

«አርዮስ የሆነውን አላውቅም» አለ አባቴ፤ «እኔ የሆንሁትን ግን አውቃለሁ።»

በማግሥቱ እሑድ ነበር። አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ወጣን። እግሮቹ መሄድ ረስተዋል፤ በየጥቂቱ ቆሞ ይተነፍሳል። ወታደር የጫነ መኪና አቧራውን እያለበሰን አለፈ፤ አንዱ ከላይ ሆኖ አንድ ነገር ተናግሮ ሳቀ። አባቴ የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቀና «ቀጥይ» አለኝ።

ገብረጊዮርጊስ በረንዳው ላይ ነበር። አባቴን ሲያይ ደንግጦ ተነሣ። «ጋሻው! በምን እግርህ መጣህ? ና ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። እናትህን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ፍሰሐ ከውስጥ ብቅ አለ። «እመቤቴ ተኝተዋል፤ ባይቀሰቀሱ» አለ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። የአባቴ ጣቶች ትከሻዬ ላይ ጠበቁ።

«እኔም ተኝቷል ሲባልልኝ ተኝቼ አላውቅም» አለና አንገቱን ወደ በሩ አቅንቶ ድምፁን ለቀቀው፤ ጦር ሜዳ ላይ ሰው የሚጠራበትን ድምፅ። «እመት ጠጅቱ! ጋሻው ነኝ! ዛሬ ምን በሉ?»

መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ፍሰሐ «ይኸው፣ እንዳልኋችሁ...» ማለት ጀምሮ ነበር። ከውስጥ ቀጭን፣ የደረቀ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ውሃ ይዘሃል?»

ገብረጊዮርጊስ መጀመሪያ የሳቀ መሰለኝ። «ውሃ? እንስራው ሙሉ አይደለም እንዴ?» አለ። ወደ ውስጥ ገባ። ጣሳ እንስራ ሲነካ ተሰማ፤ ከዚያ አሮጊቷ ሲጠጡ፣ ሲጠጡ፣ ሲጠጡ። ቆይቶ የገብረጊዮርጊስ ድምፅ «እናቴ፣ እግርዎ ላይ ያለው ቁስል ምንድን ነው? ለምን አልነገሩኝም?» ሲል ሰማን። የመለሱለትን አልሰማሁም። ሲወጣ የበሩን መቀርቀሪያ እንጨት ይዞ ነበር።

ፍሰሐ በዚህኛው ጊዜ ድንጋይ አልፈለገም። በጓሮ አጥሩን ዘሎ ሄደ፤ ነጠላው እሾህ ላይ ቀረ።

እኔ ማልቀስ ጀመርሁ። «አሁን ስለታቸውን ማን ይሸከምላቸዋል?»

አባቴ መንገዱ መካከል ቆመ። ምርኩዙን ተደግፎ ጎንበስ አለና እጁ ፊቴን እስኪያገኝ ፈለገኝ።

«ሠርካዲስ፣ ስለት አልነበረም። ርቦኝ ነበር።»

ያን ቀን ገባኝ ብል ውሸት ነው። ርሃብ ማለት ምሳ ሲዘገይ የሚሰማው ነገር ይመስለኝ ነበር። ግን ማልቀሴን ተውሁ።

ከዚህ በኋላ የልደታ ሰው ጠባቂ ሲቀጥር አባቴን ያማክር ነበር ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ማንም አላማከረውም። አሁንም «የማን ልጅ ነህ?» ነው የሚሉት። ፍሰሐም ሜዳ ላይ አልቀረም፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ወላጅ የሌላቸው ልጆች የሚያድሩበት አንድ ቤት ኃላፊ ሆነ ሲባል ሰማሁ። መስካሪ አላጣም። እናቴ ሌላ ሰው አልቀጠረችም። አባቴን ከራሷ ጋር ወደ ገበያ ትወስደው ጀመር፤ አጠገቧ ተቀምጦ ፈትል ያጠነጥናል፣ ከገዢ ጋር ይከራከራል፣ ውሃ ሲጠማው ይጮኻል።

ባላምባራስና ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ነገሩን አልተዉትም። ፍሰሐ አጥሩን በዘለለበት ሰሞን፣ ገበያ በማይቆምበት በአንዱ ቀን፣ ምሳ ሊደርስ ሲል መጡ። ውግዘት ጥሰሃል አሉት። የታላቅ ወንድምህን ስም በሰው አፍ አስገብተሃል፤ ተነሥተህ ጉልበቱን ሳም፣ ካሣም ክፈል አሉት። ባላምባራስ እንዲሳም ጉልበቱን አስተካክሎ ተቀምጦ ነበር።

አባቴ እስኪጨርሱ ሰማቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለ። «ከመካከላችሁ ፍሰሐን ለገዛ እናቱ የሚቀጥር ማን ነው?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳለ። ሌላው ጭራውን አወናጨፈ፤ ዝንብ ግን አልነበረም። ባላምባራስ «ይህ ሌላ ነገር ነው፣ አሁን የተነሣው የውግዘቱ ጉዳይ...» አለ።

እናቴ ድስቱን ከማድቤት ይዛ ገባች። ሽታው ቤቱን ሞላው። ሦስቱም እጃቸውን ሊታጠቡ የተዘጋጁ ያህል ተስተካክለው ተቀመጡ። እሷ ትሪውን አባቴ ፊት አኖረች፤ ሥጋውን አወጣችለት፤ እጁን ይዛ የት የት እንዳለ አሳየችው። እኔንም አጠገቡ አስቀመጠችኝ። ራሷም ተቀመጠች።

በአገራችን ጠላትም ቢሆን ማዕድ ላይ ከደረሰ «እንብላ» ይባላል። ሦስቱ ሰዎች ያችን ቃል ጠበቁ። እናቴ ዓይናቸውን ቀና ብላ አየችና ጎረሰች። አባቴም ጎረሰ፤ ረጋ ብሎ፣ ድምፁ እየተሰማ አኘከ። እኔ ልጅ ነኝና ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እናቴ ጉልበቴን ያዘችኝ።

ባላምባራስ ድስቱን አየ። ከዚያ ካባውን ሰብስቦ ተነሣ። ሽማግሌዎቹም ተከተሉት።